ከአውሮፕላን የማይታየው ዋሻ፦ የዘረት ጉዳይ

ሚያዝያ 1 ቀን 1931 ዓ.ም. እሑድ ነበር። ፋሲካ ነበር። በዚያ ቀን መንዝ ውስጥ፣ ዘረት በሚባል አገር፣ ገደል ሥር ባለ ትልቅ ዋሻ ላይ የጣሊያን ጦር የመርዝ ጋዝ ለቀቀ። ዋሻው ውስጥ ጠመንጃ የያዘ አርበኛ ብቻ አልነበረም። ቁስለኛ ነበር፣ ሽማግሌ ነበር፣ ልጅ ያዘለች እናት ነበረች። ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 3 ቀን፣ ሁሉም ነገር አለቀ። በፈረንጅ አቆጣጠር ከኤፕሪል 9 እስከ 11 ቀን 1939 ማለት ነው።

ከዚያ 67 ዓመት አለፈ። በእነዚያ ዓመታት የነገሩ ወረቀት ሮም መዝገብ ቤት ተኝቶ ነበር። ዋሻው ደግሞ መንዝ ውስጥ ስሙን እንደያዘ ነበር። "አመፀኛ ዋሻ" ይሉታል። ወረቀቱና ዋሻው የተገናኙት በ1998 ዓ.ም. ነው። እኔ ሙያዬ ካርታ ስለሆነ ጉዳዩን የማየው ከዚህ ወገን ነው። ሰማዩን በአውሮፕላን የሞላ፣ አገሩን በፎቶ ያነሳ፣ ሁሉን ነገር የሚጽፍ ጦር ነበር። ታዲያ ቦታው እንዴት ይህን ያህል ዘመን ከታሪክ ጠፍቶ ቆየ? ደግሞስ እንዴት ተገኘ?

ዋሻው ላይ የሆነው

ጣሊያን አዲስ አበባ የገባው ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው። የጣሊያኑ አዛዥ የባዶሊዮ ጦር ከደሴ ተነስቶ በእኛው አገር፣ በሰሜን ሸዋ በኩል ነው የመጣው። ጣርማ በር ላይ መንገዱ ተንዶ ስለጠበቀው ለጊዜው ተገትሮ ነበር። ጠግኖ አለፈ፣ ደብረ ብርሃንን አልፎ ወረደ። ከተማውን ያዘ እንጂ ሸዋን ግን አልያዘም።

ራስ አበበ አረጋይ የራስ ጎበና ዳጬ የልጅ ልጅ ናቸው። ከወረራው በፊት አዲስ አበባ የፖሊስ ሹም ነበሩ። ከተማዋ ስትያዝ ዱር ቤቴ አሉ። መንዝ፣ ተጉለት፣ ቡልጋ ሁሉ የእሳቸውና የጓዶቻቸው መዋያ ሆነ። እስከ 1931 ዓ.ም. ድረስ ጣሊያን ሦስት ዓመት ሙሉ አሳዷቸው ሊይዛቸው አልቻለም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። የሸዋ አርበኛ ብቻውን አይዞርም ነበር። ሚስት አለች፣ ልጅ አለ፣ ስንቅ የሚፈጭ አለ፣ ቁስለኛ የሚያስታምም አለ። ቤተሰቡን ትቶ ቢሸፍት ጣሊያን መጥቶ ቤቱን ያቃጥልበታል። ስለዚህ ጦሩ ሲሄድ ጓዙም አብሮ ይሄዳል። ጓዝ ደግሞ መሮጥ አይችልም። ዘረት ዋሻ የገባው ይህ ጓዝ ነው። መሪያቸው ተሾመ ሽንቁጥ ነበሩ።

ጣሊያን ዋሻውን ከበበ። መድፍ አመጣ። ከግራናቲየሪ ዲ ሳቮያ ክፍለ ጦር የኬሚካል ቡድን ተጠራ። ኢፕሪት የሞሉ ዕቃዎችን ከአፋፉ ላይ በገመድ አውርደው በሩ ላይ አፈነዱ። አርሲን የሚባል ሌላ መርዝ ጋዝ የያዘ የመድፍ ጥይትም ተኮሱ።

ኢፕሪት የሰናፍጭ ጋዝ የሚባለው ነው። ከአየር ይከብዳል። ሜዳ ላይ ነፋስ ሊገፋው ይችላል። ጉድጓድና ዋሻ ሲያገኝ ግን ወደ ታች ወርዶ ይተኛል። ቆዳ ያቃጥላል፣ ዓይን ያጠፋል፣ ሳንባ ይበላል። ዋሻ ለመሸሸግ የተመቸበት ነገር ሁሉ፣ ጥልቀቱም፣ አንድ በርነቱም፣ ነፋስ አለመግባቱም፣ ለጋዝ ሲሆን ወጥመድ ነው። ይህን የሚያውቅ ሰው ነው ያዘዘው። ጣሊያን በመርዝ ጋዝ መዋጋትን የሚከለክለውን የ1925 የጄኔቫ ውል ፈርማ በ1928 አጽድቃ ነበር። (እነዚህ ሁለቱ በፈረንጅ ናቸው።)

ተሾመ ሽንቁጥ በሌሊት ከጥቂት ሰዎች ጋር ከበባውን ሰብረው ወጡ። የቀሩት እጅ ሰጡ። ከእነዚህ ውስጥ ወደ 800 የሚሆኑ ወንዶች ተረሽነው ገደል ተጣሉ። ከሴቶቹና ከሕፃናቱ ብዙው በጋዙ አለቀ። ጉዳዩን ያጠኑት ሰዎች ጠቅላላው ከሺህ በላይ ነው ይላሉ።

ወረቀቱ

ቅኝ ገዢ ጦር ሲገድልም ይጽፋል። ይህ ለእኛ ሰው እንግዳ ነገር ነው። የተኮሰውን ጥይት ይቆጥራል፣ ያለቀውን ስንቅ ይቆጥራል፣ የገደለውን ሰው ይቆጥራል፣ ቴሌግራም ይልካል፣ ግልባጩን ፋይል ውስጥ ያስቀምጣል። ማስረጃ ልተው ብሎ አይደለም። ለአለቃው ሪፖርት ማቅረብ ስላለበት ነው። ያ ሪፖርት ግን ቆይቶ ምስክር ይሆናል።

ምስክሩ ሲናገር ግን ጊዜ ወሰደ። ከጦርነቱ በኋላ ጣሊያን ውስጥ "እኛ ጋዝ አልተጠቀምንም" የሚለው ወግ ብዙ ዓመት ዘለቀ። አንጀሎ ዴል ቦካ የሚባለው የታሪክ ሰው እድሜውን በሙሉ ከዚህ ጋር ተሟግቷል፣ ስድቡንም ጠግቧል። የጣሊያን መከላከያ ሚኒስቴር ጋዝ መጣሉን በይፋ ያመነው እ.ኤ.አ. በ1996 ነው። ሚኒስቴሩ ሲያምን እኮ ነገሩ ስድሳ ዓመት አልፎታል!

ከዚያ አሥር ዓመት ቆይቶ ማቴዎ ዶሚኒዮኒ የሚባል ወጣት ጣሊያናዊ የታሪክ ተመራማሪ የጦሩን ፋይሎች ሲያገላብጥ ዘረት ላይ ደረሰ። ሌላው ቢሆን እዚያው ጽፎ ይጨርስ ነበር። እሱ ግን ወደ ኢትዮጵያ መጣ። ከአርኪዮሎጂ ባለሙያው ከዮናታን ሳህሌ ጋር ቦታው ድረስ ሄዱ። ዋሻው ነበረ። አፅሙም ነበረ።

ከጥቂት ዓመት በኋላ ዮናታን ከስፔናዊው አልፍሬዶ ጎንዛሌዝ ሩይባልና ከሌላ ባልደረባ ጋር ሆነው ዋሻውን በሥርዓት አጠኑት። ጥናቱ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። ከሁሉ የነካኝ እዚያ ውስጥ የተመዘገበው ተራ ዕቃ ነው። የሸክላ ስባሪ፣ የእህል ማስቀመጫ፣ የጥይት ቀለህ። የጣሊያን ወረቀት "አመፀኞች" ብሎ የዘጋቸው ሰዎች ዋሻው ውስጥ ቤት ሠርተው ነበር። ጎታ ነበራቸው፣ ድስት ነበራቸው። ወረቀቱ ስለ ድስት አያወራም።

ፎቶዎቹ

አሁን ወደ እኔ ሰፈር እንምጣ። ጣሊያን ኢትዮጵያን በወረቀት ብቻ አልመዘገበም። ከሰማይም ፎቶ አንስቷል።

አዲስ አበባ፣ ድሮ "ካርታ ሥራዎች" እያልን በምንጠራው መሥሪያ ቤት ውስጥ፣ እነዚህ ፎቶዎች ለአሥርት ዓመታት ማንም ሳያያቸው ተቀምጠው ኖረዋል። የቤልጅየሙ ጌንት ዩኒቨርሲቲ የጂኦግራፊ ሊቅ ያን ኒሰን ከኢትዮጵያውያንና ከውጭ ባልደረቦቹ ጋር ሆኖ ለተመራማሪ እንዲደርሱ አደረገ፤ እ.ኤ.አ. በ2016 ስለ ስብስቡ ጽፈዋል። ቁጥሩ 8281 ሰሌዳ ነው። ልብ በሉ፣ 8281 ፎቶ አላልኩም።

አንዱን ሰሌዳ እንየው። ጠንካራ ካርቶን ነገር ነው፣ ወደ 50 ሴንቲሜትር ርዝመት፣ 20 ሴንቲሜትር ቁመት። ላዩ ላይ መለያ ጽሑፍና አራት ፎቶ ተለጥፏል። አንዱ ቀጥ ብሎ ወደ ታች የተነሳ ነው። ሁለቱ ከግራና ከቀኙ ትንሽ አዘንብለው የተነሱ ናቸው። አራተኛው በጣም ያዘነበለ፣ ተራራውን በጎን የሚያሳይ ነው። ይህ አራተኛው አንዴ በግራ፣ አንዴ በቀኝ እየተፈራረቀ ይመጣል። አራቱም የተነሱት በአንድ ቅጽበት ነው፤ ሳንቶኒ የሚባለው ባለብዙ ዓይን ካሜራ በመስታወት ላይ ያነሳቸዋል። ሰሌዳውን በአራት አባዙትና ከ33,000 በላይ ፎቶ ይሆናል።

እያንዳንዱ ፎቶ ከሚከተለው ጋር 60 በመቶ ያህል ይደራረባል። ይህ ለብክነት አይደለም። አንድን ቦታ ከሁለት ቦታ ሆነህ ስታየው ጥልቀቱ ይታይሃል፤ ሁለት ዓይን የተሰጠን ለዚሁ ነው። ስቴሪዮስኮፕ በሚባለው ባለ ሁለት ዓይን መመልከቻ ሥር ሁለት ፎቶ ጎን ለጎን አስቀምጦ ያየ ሰው ያውቀዋል። መጀመሪያ ሁለት ደብዛዛ ግራጫ ወረቀት ነው። ዓይንህ ይታገላል። ድንገት ይገጥማሉ፣ ገደሉም ከሥርህ እልም ብሎ ይወርዳል። እኔ መጀመሪያ ቀን ወንበሬን ጨብጫለሁ፤ ጓደኞቼ ሳቁብኝ።

አንሺዎቹ የበረሩት ከባሕር ጠለል በላይ ከ4000 እስከ 4500 ሜትር ላይ ሆነው ነው። መንገድ የሚመሩበት ካርታ ደግሞ አንድ ለአራት መቶ ሺህ የሆነ፣ በ1934 (በፈረንጅ) የተዘጋጀ ነው። በዚህ ካርታ 1 ሴንቲሜትር 4 ኪሎ ሜትር ነው። የመንዝ ሰው ቀኑን ሙሉ በእግሩ የሚጓዘው መንገድ አምስት ስድስት ሴንቲሜትር ብቻ ይሆናል። በዚህ እየተመሩ በሸዋ ሸንተረር ላይ መብረር ድፍረት ይጠይቃል፣ ይኸን አልነፍጋቸውም። ብዙዎቹ በረራዎች የተደረጉት ለጦርነት ዝግጅት ነው። አንዳንዱ በረራ ጦሩ ወደ አዲስ አበባ ከመውረዱ አስቀድሞ መንገዱን ያየ ነው። ከ1936 (በፈረንጅ) ጀምሮም ፎቶዎቹ አንድ ለመቶ ሺህና አንድ ለሃምሳ ሺህ ካርታ ለመሥራት ውለዋል።

እንግዲህ ዋሻ በዚህ ፎቶ ላይ ይታያል ወይ? ሒሳቡን እንሥራ። ቀጥ ብሎ የተነሳው ፎቶ መጠን አንድ ለ11,500 ያህል ነው። 1 ሴንቲሜትር 115 ሜትር ማለት ነው። 100 ሜትር ስፋት ያለው የቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢ ከ1 ሴንቲሜትር ያንሳል፤ ቢሆንም በደንብ ይታያል፤ በተላጨ ሜዳ መሃል የዛፉ ክብ ጥቁር ነጥብ ሆኖ ይጮኻል። 10 ሜትር ስፋት ያለው የዋሻ በር ግን 1 ሚሊ ሜትር አይሞላም። ያውም ከላይ ከታየ ነው። ዋሻ ከላይ አይታይም። አፉ ወደ ጎን ነው፣ ግንባሩ ላይ ደግሞ አለት እንደ ቆብ ተደፍቶበታል። ተስፋ ካለ ያ አራተኛው፣ በጣም ያዘነበለው ፎቶ ነው። እሱም ፀሐይዋ ከትክክለኛው ወገን ከመጣች፣ በረራውም ከትክክለኛው ወገን ካለፈ ነው። ያለዚያ የምታየው ጥላ ነው። ጥላ ደግሞ መንዝ ውስጥ ሞልቷል።

ሌላም ጣጣ አለ። አውሮፕላኑ ከፍታውን ሳይለውጥ ይበራል፣ መሬቱ ግን ይለዋወጣል። እንደ መንዝ አምባ 3000 ሜትር የሆነ ደጋ ላይ ሲያልፍ ከመሬቱ ያለው ርቀት ከ1000 እስከ 1500 ሜትር ብቻ ነው። ሸለቆው ላይ ሲደርስ መሬቱ ከሥሩ ይሸሻል። ስለዚህ እዚያው ፎቶ ላይ ደጋው ትልቅ፣ ቆላው ትንሽ ሆኖ ይወጣል። ዋሻው ያለው ደግሞ በሁለቱ መሃል፣ ገደሉ ላይ ነው፤ ፎቶው በጣም በሚዋሽበት ቦታ ማለት ነው።

ለዚህ ነው እኔ በዘረት ጉዳይ ወረቀቱንና ፎቶውን እኩል የማላያቸው። የአየር ፎቶ መዝገቡ ትልቅ ሀብት ነው። ደን የት እንደነበር፣ እርሻ የት እንደደረሰ፣ የትኛው መንደር ድሮም እንደነበረ ይነግርሃል። ሰው ግን ሊሸሸግ ሲል የሚመርጠው ያ ካሜራ የማያየውን ቦታ ነው። ያኔ አርበኞቹን የሸሸጋቸው ይኸው ነው።

ስሙ

ከወረቀቱ ወደ ዋሻው የሚያደርሰው ድልድይ ስም ነው። እዚህ ላይ የጣሊያንን አጻጻፍ ማወቅ ያስፈልጋል።

ጣሊያንኛ ለእኛ ቀ፣ ጠ፣ ጨ፣ ጸ ፊደል የለውም። ቀ እና ከ አንድ ይሆኑበታል፤ አንኮበርን ሲጽፍ ቀ ይሁን ከ ከፊደሉ አታውቅም። ዋ ሲመጣ "ኡአ" ብሎ ይጽፋል፤ ወልድያ በሱ እጅ "ኡኦልዲያ" ናት። ሻን ለመጻፍ አራት ፊደል ይደረድራል። ስለዚህ "ዋሻ" የሚለው ቀላል ቃላችን ካርታው ላይ ሲመጣ ላቲን ፊደል የለመደ የእኛ ልጅ እንኳ አያውቀውም። መንዝ ውስጥ ያለችው ላሎ ምድርም በሰነዱ ውስጥ ተጣብቆ "ላሎመዲር" ሆኗል። መንዜ ሲሰማው ግን ወዲያው ያውቃታል።

መላው አንድ ነው፦ ጮክ ብሎ ማንበብ። በዓይን አይደለም፣ በአፍ። ከዚያም የአካባቢውን ሰው ጠርቶ "ይህ የት ነው?" ማለት። የውጭ ተመራማሪ ብቻውን መዝገብ ቤት ተቀምጦ ይህን አይሠራውም።

"አመፀኛ" የሚለውም ያስገርመኛል። ጣሊያን አርበኛውን በሙሉ "አመፀኛ" ብሎ ነው በሰነዱ የሚጽፈው፤ ስድብ አድርጎ። በመንዝ አፍ ግን አልገዛም ብሎ ዱር የገባ ሰው በዚህ ስም አያፍርም። አንዱ ቃል ሮም ውስጥ ክስ፣ ዘረት ላይ ማዕረግ ሆነ።

200 ሜትር

ይህን ለሙያ ጓደኞቼ ነው የምጽፈው፣ ሌላው ቢዘለው አልቀየምም።

ከነፃነት በኋላ አገራችን እንደገና ተለካች። የአሜሪካ ጦር ካርታ ክፍል ከንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ጋር ሥራውን የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1963 ነው። አሁንም የምንጠቀምባቸው የአንድ ለሃምሳ ሺህ ካርታዎች መነሻ ልኬታቸው አዲንዳን ይባላል፤ በግብፅና በሱዳን ድንበር አካባቢ ያለ ነጥብ ነው። አዎ፣ የመንዝ ገደል የሚለካው ከዚያ ድንበር ነው። የስልካችሁ ጂፒኤስ ደግሞ ሌላ መነሻ ነው የሚከተለው። ሳትቀይሩ አንዱን በሌላው ላይ ብታስቀምጡ ከ200 ሜትር በላይ ትስታላችሁ። ሰላሌ ሜዳ ላይ 200 ሜትር የአንድ ማሳ ጉዳይ ነው። ዘረት ላይ ግን 200 ሜትር ማለት ከገደሉ በላይ መሆንና ከገደሉ በታች መሆን ነው። የድሮ ሰነድ ይዛችሁ ቦታ ፍለጋ የምትወጡ ልጆች፣ መጀመሪያ ይህን አስተካክሉ። እኔ አንድ ጊዜ ሳላስተካክል ወጥቼ ግማሽ ቀን የተሳሳተ ሸንተረር ላይ ስንከራተት ውያለሁ። እረኛ ነው ያወጣኝ።

መሐል ሜዳ

ባለፈው መንዝ ውስጥ፣ መሐል ሜዳ፣ አጎቴ ዘንድ ሄጄ ነበር። እድሜያቸው ገፍቷል፣ ዓይናቸው ግን ደህና ነው። ስልኬ ላይ የሳተላይት ካርታ ከፍቼ ሰጠኋቸው።

"እስቲ ቤትዎን ያግኙ" አልኳቸው።

"መጀመሪያ ቤተ ክርስቲያኑን አሳየኝ" አሉ።

የዛፉን ክብ አሳየኋቸው። ከዚያ በኋላ እኔን አልፈለጉኝም። በጣታቸው ከቤተ ክርስቲያኑ ወደ ምንጩ ወረዱ፣ ከምንጩ በአጥሩ ዞሩ፣ ቤታቸው ላይ ቆሙ። በሁለተኛው የመሬት ምዝገባ ጊዜም ቀያሾቹ ያመጡትን ኦርቶፎቶ፣ ማለትም እንደ ካርታ የተስተካከለውን የአየር ፎቶ፣ እንዲሁ ነው ያነበቡት አሉ፣ በቤተ ክርስቲያን ጀምረው። የጣሊያንን ፎቶ ብሰጣቸውም ያው ነበር የሚያደርጉት።

"ዘረትንስ?" አልኳቸው።

ካርታውን ገፋ ገፋ አደረጉት። አምባው አለቀ፣ ጥቁሩ ሸለቆ መጣ። ጣታቸው አፋፉ ላይ ቆመ፣ ከዚያ አልወረደም።

"ከዚህ ወዲያ በእግር ነው፣ ልጄ" አሉና ስልኩን መለሱልኝ።